የእማማ አሥራ አራተኛ ደረጃ

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ሱቅ ዋልኩ። ሰው አልበዛም። አንድ የአውቶብስ ሹፌር ፊደል ሰሌዳው ፊት ቆሞ "ዓይኔ ደህና ነው፣ ፊደሎቹ ናቸው ያነሱት" ሲለኝ በሳቅ ሞትኩ… መነጽሩን ግን አዘዘ።

ከሰዓት የእማማን አዲስ ሌንስ ቆረጥኩ። ጠርዙን ሞረድኩ፣ ክፈፉ ውስጥ ገጠምኩ። ቤት ገብቼ አፍንጫቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው መጀመሪያ ያዩት ባለቤቴን ነው። "ልጄ እንዲህ ሸብቷል እንዴ?" አሉ። እሱም "የድሮው ይሻላል፣ መልሽላት" አለኝ። ስንስቅ አመሸን።

አማቴ እኛ ጋ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው። አባባ ካረፉ በኋላ። የመጀመሪያው ዓመት… ክፍላቸውን ዘግተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው። ሰላሳ ዓመት መንጃ ፈቃድ የፈተኑ፣ ስንቱን ጎረምሳ መሪ ላይ ያንቀጠቀጡ ሴት። ከዚያ ክፍል ያወጣቸው የቅዳሜ ጨዋታችን ነው። አንድ ቀን መስኮት ሊዘጉ ወጥተው ጠረጴዛችን አጠገብ ቆሙ። ቆዩ። "ያ በር ላይ ያለው ሰውዬ ውሸቱን ነው፣ አትመኑት" አሉ። በጨዋታው ውስጥ ያለውን ዘበኛ ማለታቸው ነው። ወንበር ሳብኩላቸው። ይኸው ሁለት ዓመት፣ አልተነሱም።

ያ ጨዋታ ባይኖር ኖሮስ? ማሰብም አልፈልግም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ጨዋታ ነበር። እህቴ ብርቱካን ይዛ መጣች። ጎረቤታችን ሊፍቱ ከላይኛው ፎቅ በነጠላ ጫማ ወረደ። ሊፍት ስለሚጠግን ነው እንዲህ የምንለው። የሕንፃችን ሊፍት ግን ከቆመ ዓመት አለፈው።

ባለቤቴ ዛሬም "አሁን ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አለ። አስረዳሁት፣ ለስንተኛ ጊዜ። እኔ አጫዋች ነኝ፤ አንድ ዓለም እተርካለሁ። እነሱ በዚያ ዓለም ውስጥ አንድ አንድ ሰው አላቸው፤ በሱ አፍ ይናገራሉ፣ በሱ እጅ ይሠራሉ። ይሳካ አይሳካ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። የእህቴ ሰው ሌባ ናት፣ የሊፍቱ ጋሻ ያዥ ነው። የእማማ ነፋስ ጠሪ ናት፤ ዘንግ ይዛ አየሩን የምታዝ። መከራ ያለፈ ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ ተጠራቅሞ ደረጃ ይሆናል። ደረጃ በጨመረ ቁጥር ኃይል ይጨምራል።

"እና ማነው የሚያሸንፈው?" አለ።

"ማንም።"

"በሉ ተጫወቱ" ብሎ እቃ ሊያጥብ ሄደ።

እህቴና ሊፍቱ ስድስተኛ ደረጃ ላይ ናቸው። እማማ አሥራ አራተኛ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ… የመመሪያው መጽሐፍ ጣሪያው አሥር ነው ይላል። እማማ አሥር ላይ ሲደርሱ "ከዚህ በኋላስ?" ብለው ጠየቁኝ። የለም ማለት አቃተኝ። እንዴት ብዬ? ገና ሰው መሐል መቀመጥ የጀመሩ ሰው። "አሥራ አንድ አለ" አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን። ከዚያ አሥራ ሁለት። ነጥቡንም ለሌሎቹ በማንኪያ፣ ለሳቸው በጭልፋ።

ዛሬ ከተማዋን ጠላት ከበባት። እማማ ዘንጋቸውን አነሱ፣ ነፋሱ መጣ፣ ጦሩ በሙሉ እንደ ገለባ በነነ።

"ጨረስኩ?" አሉ።

ጨርሰዋል። ሊፍቱ ዳይሱን እንደጨበጠ ቀረ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ልብስ ታጠበ። እማማ ሊያጥፉ ብድግ ሲሉ "ኧረ ይቀመጡ" አልኳቸው። ተቀመጡ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ዘንዶ አመጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሌንስ ስሞርድ ያሰብኩት ዘንዶ። ስሙን፣ ጠባዩን፣ ምን ወስደውበት እንደተቆጣ… እማማ ዘንጋቸውን አነሱ። ዘንዶው ባሕር ውስጥ ተወረወረ። ለምን እንደተቆጣ ማንም ሳይጠይቀው።

እህቴን ደረጃው ድረስ ሸኘኋት።

"ጨዋታው እጅ እጅ ብሎኛል" አለች።

"ደክሞሽ ነው።"

"ምን ሠርቼ ልድከም? ሌባ ነኝ አይደል? አንድ ኪስ ከገባሁ ስንት ጊዜዬ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብርቱካን ልላጥ ነው እንዴ የምመጣው?"

"እሳቸው ደስ ይላቸዋል እኮ…"

"ደስ ይላቸዋል? ፊታቸውን አይተሻል?"

አላየሁም። እኔ የማየው ወረቀቴን ነው።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ባለቤቴን አማከርኩት። ጥርሱን እየቦረሸ ነበር።

"ንገሪያታ" አለ በአረፋው መሐል።

"እናትህ ናቸው። አንተ ንገራቸው።"

ተጉመጠመጠ። "እኔ ልጇ ስለሆንኩ 'አልፈትንህም' ብላ ሌላ ፈታኝ ጋ ላከችኝ። 'እንዳታዝንለት' የሚል መልእክት ጨምራ። ይኸው እስከ ዛሬ በእግሬ ነው የምሄደው። እኔን ነው የምትልኪው?"

ሳቅሁ እንጂ አልቀለለኝም። ለአማት "ይበቃዎታል" እንዴት ይባላል? ምግብ ላይ እንኳ የማይባል። እምቢ ብላቸውና ተመልሰው ክፍላቸው ቢገቡስ? ያን በር እንደገና ተዘግቶ ማየት አልችልም። ጨዋታው ቢበላሽ ይሻላል… ይሻላል? ጨዋታው ከተበላሸም እኮ ያው ክፍላቸው ነው የሚገቡት።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ዘዴ ፈጠርኩ ብዬ ነበር። ዋሻ ውስጥ ኃይል የሚጠጣ ጥቁር ድንጋይ አስቀመጥኩ። ነፋስ ጠሪዋ ስትነካው ትንሽ ትደክማለች፣ ማንም ሳይከፋው ወደ ጣሪያዋ ትመለሳለች… እማማ ነኩት። ይቋቋሙት እንደሆነ ለማየት ከካርቶን መከለያዬ ጀርባ ዳይስ ጣልኩ። ሦስት መጣ። ልክ የፈለግኩት።

ቀና ስል መነጽራቸውን አስተካክለው እያዩኝ ነው።

"ስንት መጣ?" አሉ።

"አሥራ ስምንት" አልኩ። ምላሴ እኔን ሳይጠይቅ።

ድንጋዩ አላደከማቸውም። ጭራሽ በሕጉ መሠረት ያሸነፈው ይወስደዋል… በኪሳቸው ከተቱት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። እህቴ ብርቱካን መላጧን አቁማ አየችኝ። ሊፍቱ ስልኩን አወጣ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

እህቴ ደወለች። ቅዳሜ አትመጣም። "ጉዳይ አለኝ" አለች። ምን ጉዳይ? አልጠየቅኩም፣ እንዳትዋሸኝ። ማታ ሊፍቱ ደረጃው ላይ አገኘኝ። "ተረኛ ነኝ ቅዳሜ" አለ ጫማውን እያየ።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ማንም አልመጣም።

እማማ ግን ተዘጋጅተው ነበር። ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸው ላይ። "ዘገዩ" አሉ። "ሥራ በዝቶባቸው ነው" አልኩ። ቆየን። ዳይሱን አንስተው ጠረጴዛው ላይ አንከባለሉት፣ እንዲሁ። እንደገና አንከባለሉት። ከዚያ ተነሱ፣ ወንበራቸውን ወደ ቦታው መለሱ፣ ክፍላቸው ገቡ።

በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። በገዛ እጄ አደረግኩት… በደግነቴ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት ወጥ ቤት ድንች እልጣለሁ። እማማ መጡ። ቢላዋ አነሱና አጠገቤ ተቀመጡ። "ይተዉ፣ እኔ…" ልል ስል በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ያ የፈታኝ ዓይን። ለካ አለ።

"ያን ለት ሦስት ነበር የመጣው" አሉ።

"ምኑ?"

"ዳይሱ። አሥራ ስምንት ያልሽው። ከኋላሽ ያለው ቁም ሳጥን በሩ መስታወት ነው። በአዲሱ መነጽር ጥርት ብሎ ይታየኛል። ራስሽ ነሽ የሠራሽልኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ድንቹን ቀጠሉ። ልጣጩን ስስ አድርገው፣ ሳይበጥሱ።

"ሰላሳ ዓመት ፈተንኩ። የሚያለቅስ አይቻለሁ። የሚጸልይ አይቻለሁ። አንዱማ ፍሬን መስሎት በሩን ከፍቶ ወርዷል። አዝኜ ያሳለፍኩት ሰው ግን የለም። ለምን መሰለሽ? አዝኜ ባሳልፈው መንገድ ላይ ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል።"

"እማማ፣ እኔ እኮ ደስ እንዲልዎት ብዬ…"

"አውቃለሁ። አሥራ አንድ ስትሰጪኝ ዝም አልኩ፣ እንዳላሳፍርሽ። አሥራ ሁለት ስትሰጪኝ፣ ይቺ ልጅ መቼ ነው በቃ የምትለኝ አልኩ። አሥራ ሦስት… ኧረ ተይኝ። ዘንጌን አነሳለሁ፣ ሁሉም ይወድቃል። ምን ይጣፍጣል ይሄ? ያ ምስኪን ዘንዶ እንኳ አንድ ቃል ሳይናገር።"

የላጥኩትን ድንች እንደገና ላጥኩት።

"ባልሽን ትከለክያለሽ። ስትጮሂበት እሰማለሁ፣ ደግ ታደርጊያለሽ። እህትሽን ትቆጫለሽ። ያንን የሊፍት ልጅ ትቆጫለሽ። እኔን ብቻ…" ቢላዋውን አስቀመጡ። "የማይከለከለው እንግዳ ነው፣ ልጄ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ መሆን ይደክማል።"

አለቀስኩ። ሽንኩርት እንኳ አልነበረም የማሳብበው፣ ድንች ነው። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ። አላባበሉኝም።

"እሺ፣ አሥር ላይ ልመልስዎት?" አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

"እንዲሁ ብድግ ብለሽማ አትሰርዥውም። ያለ አግባብ ያለፈ ሰው ድጋሚ ይፈተናል። ሰው ፊት። ያን ካርቶንም አንሺው።"

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እህቴ ሱቅ ድረስ እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ። "እማማ ምን ሆነው ነው? ደውለው 'ቅዳሜ ልሞት ስለምችል ብትገኚ' አሉኝ እኮ። ሐኪም አይቷቸዋል?"

የነፋስ ጠሪዋን ነው ብዬ እስካስረዳት ወንበር ላይ ተዘርግታ ነበር። ቀጥሎ የሳቀችው ሳቅ… ደንበኛ ፊት አሳፈረችኝ። ለሊፍቱም በዚያው ቃል ደውለውለታል። "ተረኛ ነኝ" ሊላቸው አልደፈረም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር?

ካርቶኑን አነሳሁ። እርቃኔን የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። አዲሱን ሕግ ተናገርኩ፦ ጣሪያው አሥር ነው። ለማንም። ከዚያ በላይ ያለው የእማማ ኃይል አንዴ ከተሠራበት አይመለስም፤ ያልቃል። ደግሞ ዳይስ ሁሉ በግልጽ ይጣላል። የመጣው መጣ ነው።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደ አለቃ።

ግድቡን አፈረስኩት። ከግድቡ በታች ከተማ አለ፣ ከከተማው መውጫ አንድ አሮጌ ድልድይ ብቻ፣ የድልድዩን በር ደግሞ ሹሙ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እህቴ "አንገቱ ላይ?" ብላ ተነሳች። ቆማ ነው የተጫወተችው ከዚያ በኋላ። ሌባዋ በሰው መሐል ተሹለክልካ፣ ሹሙን አቅፋ እያለቀሰች ቁልፉን ስትፈታ… ዳይሱ አሥራ ሰባት። ጮኸች። ባለቤቴ እጁ በሳሙና እንደተሞላ ከወጥ ቤት ብቅ አለ። የሊፍቱ ጋሻ ያዥ በሩን በትከሻው ደግፎ ሕዝብ አሳለፈ። "ክብደቱን እኔ አውቀዋለሁ፣ ስንት ሊፍት ደግፌያለሁ" ይላል ሊፍቱ፣ እውነትም ላብ በላብ ሆኗል።

እማማ ያን ሁሉ ውሃ ያዙ። አሥራ አራተኛው ደረጃ ግድቡ ላይ አለቀ። አሥራ ሦስተኛው ዝናቡ ላይ። ቀሪዎቹም አንድ በአንድ፣ ኃይል እየቆጠቡ፣ እያሰቡ፣ "ቆይ፣ ስንት ሰው ቀረ?" እያሉ። እንዲህ ሲያስቡ አይቻቸው አላውቅም። ሲያሸንፉ ማሰብ አያስፈልጋቸውም ነበር።

አሥር ላይ ደረሱ። ከኋላ የቀረው ጋሻ ያዡ ብቻ ነው፣ ድልድዩም ሊሰበር ነው።

"ልትሻገሪ ትችያለሽ" አልኳቸው፣ ለነፋስ ጠሪዋ። "ወይ ከሥሩ ነፋስ ይዘሽ እሱን ታሻግሪያለሽ። ያኔ ግን ዳይስ ይጣላል። ከስምንት በታች ከመጣ እሱ ይወጣል፣ ድልድዩ ካንቺ ጋር ይሄዳል።"

"አሻግረዋለሁ" አሉ። ሳያመነቱ።

ጣሉት። ተንከባለለ። ብርቱካኑ ሳህን አጠገብ ቆመ።

ሁለት።

እህቴ እኔን ታያለች። ሊፍቱ እኔን ያያል። አፌ ላይ ነበር… "አንዴ ይድገሙት" የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። እማማም ያዩኛል፣ በሠራሁላቸው መነጽር፣ ቁም ሳጥኑን ሳይሆን እኔን።

"ወድቀዋል፣ እማማ" አልኩ። "ጋሻ ያዡ ዳር ወጥቷል። ነፋስ ጠሪዋ ሞታለች።"

እማማ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱትና ሳቁ። ከሆድ። ይህን ሳቅ አላውቀውም። ባለቤቴ ግን ያውቀዋል፤ አባባ ሳሉ የነበረ ሳቅ ነው አለኝ በኋላ።

"እንዲህ ነው እንጂ ፈተና" አሉ።

ሊፍቱ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። "ሁለቴ ጥለውኛል እኮ እኚህ ሴትዮ" ይላል፣ የመንጃ ፈቃዱን ማለቱ ነው። "ሁለቴ። ዛሬ አሻገሩኝ።"

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሳይደግስ አይጣላም። ማታ ተኝቼ እየቆጠርኩ ነበር የማመሰግነውን… ያ የቁም ሳጥን መስታወት፣ እህቴ ማኩረፏ፣ ሁለት የመጣው ዳይስ እንኳ። ከሁሉ በላይ እሳቸው። ስንቷ አማት ናት ቁጭ ብላ፣ ሳትሰድብ፣ ምን እንደጎደላት የምትናገር? ብዙዎቹ ለጎረቤት ነው የሚናገሩት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

እማማ አዲስ ሰው ፈጠሩ። አንደኛ ደረጃ። የጀልባ ቀዛፊ ረዳት፣ እሷም መዋኘት የማትችል። ገና ከመነሳታችን ወንዝ ገባች። እህቴ በፀጉሯ ጎትታ አወጣቻት።

"አመሰግናለሁ ጋሼ" አለች ቀዛፊዋ በእማማ አፍ፣ ለሌባዋ።

"ሴት ነኝ" አለች እህቴ።

"ውሃ ዓይኔ ገብቶ ነው።"

እንዲህ ተሳስቀን አናውቅም። መጨረሻ ላይ እማማ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ "ስለሰመጥኩ አንድ ነጥብ አትጨምሪልኝም?" አሉ። እየፈተኑኝ ነው። ይመስለኛል።

"አልጨምርም" አልኩ።

"ክፉ" አሉኝ። ደስ ብሏቸው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ከሱቅ ደክሞኝ ገባሁ። ልብሱ ታጥፏል። ፎጣዎቹ ግን በሦስት ነው የታጠፉት፣ እኔ በአራት ነው የማጥፈው። "እማማ፣ ፎጣ እንዲህ አይታጠፍም" አልኩ። "የኔ እናት እንዲህ ነው ያስተማረችኝ፣ ያንቺ በስንት ታጥፋለች?" አሉ። ተጨቃጨቅን። ድምፃችን ከፍ ብሎ ነው መሰል ባለቤቴ እየሮጠ መጣ። "ምን ሆናችሁ?" አለ። "ፎጣ" አልን፣ ሁለታችንም። መሐላችን ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ሲያይ… እንደዚያ ግራ ተጋብቶ አይቼው አላውቅም።

ወደ መኝታ ላይ እማማ ከክፍላቸው ተጣሩ። "ውሃ አምጪልኝ እስቲ።" በራቸው ክፍት ነበር። ወሰድኩላቸው። ጠጡ፣ ብርጭቆውን መለሱልኝ፣ "መብራቱን አጥፊው" ብለው ዞር አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ለእያንዳንዷ ብርጭቆ፣ "አስቸገርኩሽ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። አንድም ቀን። ዛሬ ረሱት። እንደ ቤታቸው ውሃ ጠጥተው ተኙ።

ብርጭቆውን ይዤ ጨለማው ውስጥ ቆምኩ። ምስጋናውን እኔ አልኩት።

ተመስገን።